የሲኩ ንጉሥ አፅም ወደ አገሩ ይግባ ከተባለ፣ አጠገቡ የተኛችው የሐበሻ ልጅስ?

መንገደኛው፦
ሰላም ለቤቱ። ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

እንግሊዝ አገር የጭነት መኪና ነው የምነዳው። ወደ ኖሪች በሄድኩ ቁጥር በኤ 11 መንገድ አልፋለሁ። ቴትፎርድ ልትደርስ ስትል ኤልቬደን የምትባል መንደር አለች። አውራ ጎዳናው ከ2014 ወዲህ ከጎኗ ታጥፎ ስለሚያልፍ፣ ካልፈለግካት አታያትም። አብሮኝ የሚሠራ ፑንጃቢ ሲክ አለ፤ ሲክ የሃይማኖቱ ስም ነው፣ ፑንጃብ ደግሞ ዛሬ ህንድና ፓኪስታን የተካፈሉት አገር። «እዚያ ንጉሣችን ተቀብሯል፣ አንድ ቀን አውጥተን እንወስደዋለን» ይለኝ ነበር። ባለፈው ቅዳሜ ይዞኝ ሄደ።

ንጉሡ ማሃራጃ ዱሊፕ ሲንግ ይባላል። አባቱ ራንጂት ሲንግ ነው፤ በ1799 ላሆርን ይዞ የሲኮችን መንግሥት ያቆመው፣ «የፑንጃብ አንበሳ» የሚሉት። ልጁ ዓመት ሳይሞላው አባት ሞተ። ከዚያ በኋላ ቤተ መንግሥቱ መገዳደል ብቻ ሆነ። ዱሊፕ በ1843 ዙፋን ላይ ሲወጣ ገና 5 ዓመቱ ነበር። እንግሊዞች ሁለት ጊዜ ወግተው አሸነፉ፣ በ1849 አገሩን ጠቀለሉት። ያኔ 10 ዓመቱ ነው። ኮሂኑር የሚባለው አልማዝ ለንግሥት ቪክቶሪያ እንዲሰጥ የሚለው ውል ላይ አስፈረሙት። እስቲ የ10 ዓመት ልጅ ምን ያስፈርሙታል? እናቱን ጂንዳንን ቀደም ብለው ነጥለው አስረዋታል። ልጁ ለአንድ ስኮትላንዳዊ ሐኪም አደራ ተሰጠ፣ በ1853 ክርስትና ተነሣ፣ በዓመቱ እንግሊዝ ገባ። ቪክቶሪያ ወደደችው፣ ሥዕሉን አሳለችው። አድጎም ኤልቬደንን ገዛ፣ አደን አዳኝ ባላባት ሆነ።

ግን ቂሙ አልወጣለትም። በ1886 ቤተሰቡን ጭኖ ወደ አገሩ ሲነሣ ኤደን ወደብ ላይ አስቆሙት። እዚያው ወደ ሲክ እምነቱ ተመለሰ። ከዚያ ፓሪስ፣ ከፓሪስ ሩሲያ፣ የዛሩን እርዳታ ፍለጋ። ማንም አልረዳውም። በ1893 ፓሪስ ውስጥ በ55 ዓመቱ ሞተ። አስከሬኑን ኤልቬደን አመጡና በክርስቲያን ሥርዓት ቀበሩት።

ባልደረባዬ ይህን ሁሉ መቃብሩ ፊት ቆሞ ሲነግረኝ «ይመለስ እንጂ!» አልኩ። ዊንድዘር የተቀበረው የአፄ ቴዎድሮስ ልጅ፣ ልዑል ዓለማየሁ ትዝ ብሎኝ ነው። ከዚያ አጠገቡ ያለውን ድንጋይ አየሁ። ባምባ ይላል። ሚስቱ ናት። «ግብጽ ነው ያገኛት» አለኝ፣ በዚያው አለፈው። ማታ ቤት ገብቼ ሳነብ እናቷ ሶፊያ የምትባል ሐበሻ ሆና አገኘኋት። እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ጥያቄዬ ይኼው ነው። እሱን ወስደው እሷን ይተዋት?

ወለላ፦
ቆይ ቆይ። ሐበሻ ስትል? ፈረንጅ ድሮ ጠቆር ያለውን ሁሉ «አቢሲኒያዊ» ይል የለ እንዴ። ምን ይዘህ ነው?

መንገደኛው፦
ወለላ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። የያዝኩትን ላስቀምጥ። ባምባ ሙለር በ1848 ካይሮ ተወለደች። አባቷ ሉድቪግ ሙለር የሚባል ጀርመናዊ ነጋዴና ባለ ባንክ ነው። ሌላ ሚስት ስለነበረው ልጅቷን ካይሮ ያለው የአሜሪካ ፕሮቴስታንት ሚሲዮን አሳደጋት። እናቷን የጻፉት ሁሉ ሐበሻ ነው የሚሏት። ስሟም ሶፊያ ነው።

ዱሊፕ በ1864 በግብጽ ሲያልፍ ሚስት ፈልጉልኝ ብሎ ሚሲዮኖቹን ጠየቀ። ልጅቷ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ታስተምር ነበር። ገና 16 ዓመት አልሞላትም። እንግሊዝኛ አትችልም፣ እሱ ዐረብኛ አይችልም፣ በአስተርጓሚ ነው የተግባቡት። በዚያው ዓመት ጁን ላይ አሌክሳንድሪያ ተጋቡ። ስድስት ልጆች አሳደገችለት። እሱ ፓሪስና ሩሲያ ሲዞር እሷ ልጆቹን ይዛ እንግሊዝ ተመለሰች። በ1887 ሞተች። 39 ዓመቷ ነበር።

ደጃዝማች ኪቦርድ፦
ምን ክርክር ያስፈልገዋል? ሌባ የወሰደውን ይመልሳል፣ አለቀ። አልማዙንም፣ አፅሙንም፣ የእኛን ታቦትና ብራናም! ዓለማየሁን «ሌሎች ሬሳዎች ይረበሻሉ» ብለው ከለከሉን። ሕያዋንን ሲረብሹ ማን ከለከላቸው?

የመቅደላ ልጅ፦
ደጃዝማች፣ ስሜትህ ገብቶኛል። እኔ ግን አንድ ነገር ልጨምር፣ ምናልባት ትንሽ ያበርድህ ይሆናል።

መቅደላ ላይ የመጣው ናፒየር ከየት ነው የመጣው? ፑንጃብን ከወጉት የጦር መሐንዲሶች አንዱ እሱ ነው። በሁለቱም የሲክ ጦርነቶች ነበረ። ፑንጃብ ከተያዘ በኋላም መንገድና ቦይ ሲያሠራ ቆይቷል። ከ19 ዓመት በኋላ በ1868 ከቦምቤይ ጦር ይዞ ዙላ ላይ ወረደ። ከወታደሩ አብዛኛው ከህንድ የመጣ ነው። መቅደላ ሥር ባለው አሮጌ በሚባል ሜዳ ላይ የፊታውራሪ ገብርዬን ሰዎች ፊት ለፊት ከገጠሙት መካከል 23ኛው የፑንጃብ ፓዮኒር የሚባል ጦር አለ። እነሱ ደግሞ ሲኮች ናቸው። አገራቸው ከተወሰደ 20 ዓመት ሳይሞላ የእኛን ለመውጋት በደመወዝ መጡ።

ይህን የምለው ባልደረባህን ለመውቀስ አይደለም፣ መንገደኛው። ግን «እኛና እነሱ አንድ ዓይነት ተበዳዮች ነን» ከማለት በፊት ያንን ቀን ማስታወስ ጥሩ ነው። አያት ቅድመ አያቱ አሮጌ ላይ ኖሮ ቢሆንስ? በል ጠይቀው፣ ሻይ እየጠጣችሁ።

መንገደኛው፦
ኧረ ይኼን አላውቅም ነበር። እጠይቀዋለሁ። በዚህ ዓይነት ሰኞ ሻይው ሳይቀዘቅዝ አይቀርም።

ዱባይ የኖርኩት፦
ሰባት ዓመት ከፑንጃቢዎች ጋር አንድ ካምፕ ኖሬያለሁ። አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ሲኮች አፅም አያስቀምጡም። ሬሳው ይቃጠላል፣ አመዱ ወራጅ ውሃ ላይ ይበተናል። ብዙዎቹ ኪራትፑር የሚባል ቦታ ሱትሌጅ ወንዝ ላይ ነው የሚወስዱት። በሥርዓታቸው መቃብር ላይ ሐውልት ማቆም እንኳ አይደገፍም። አብሮኝ የነበረ ሽማግሌ «ሥጋ ልብስ ነው፣ ያረጀ ልብስ ማን ያስቀምጣል» ይለኝ ነበር።

እኛ እንደምናደርገው አፅም አፍልሶ በክብር ገዳም ማስገባት፣ ፍትሐት፣ ተዝካር፣ እንዲህ ያለ ነገር የላቸውም። ስለዚህ «አፅሙን እንመልስ» ሲሉ በእኛ ዓይን አትዩት። አውጥተው ሊያቃጥሉት ነው። ለእነሱ ጉዳቱ ሰውየው እንግሊዝ መሞቱ ብቻ አይደለም። 130 ዓመት አፈር ውስጥ ተዘግቶ መቆየቱ ነው፣ በሌላ ሃይማኖት ሥርዓት።

ወለላ፦
ይኼ ነገር ሐሳቤን ቀየረው። እኔ «ሰላም ተኝቷል፣ ተዉት» ልል ነበር። በእነሱ ዓይን ግን ገና አልተቀበረም ማለት ነው?

ዱባይ የኖርኩት፦
ሁሉም እንደዚያ አይሉም። «መንፈሱ ከሄደ ቆይቷል፣ አጥንቱን ምን አደከማችሁ» የሚሉም አሉ። እርስ በርሳቸው ሲጨቃጨቁ ሰምቻለሁ፣ ጭቅጭቃቸው ደግሞ የእኛን ያስንቃል።

የችሎት ሰው፦
በሕጉ በኩል ልግባ፣ እዚሁ እንግሊዝ ነው የምሠራው። መቃብሩ ያለው በኤልቬደን ቤተ ክርስቲያን ግቢ ነው፣ የተባረከ መሬት። ከዚያ ላይ አፅም ለማንሣት የቤተ ክርስቲያኒቱ ፍርድ ቤት ፈቃድ ያስፈልጋል። ቀድሞ አፅሙ ወደ ሌላ የተባረከ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን መሬት ካልሄደ የፍትሕ ሚኒስቴር ፈቃድም ይጨመር ነበር። ሕጉ ከ1857 ጀምሮ ያለ ነው። በ2002 የተሰጠ አንድ የታወቀ ውሳኔ አለ። የክርስቲያን ቀብር ዘላቂ ነው፣ የሚነሣው በልዩ ምክንያት ብቻ ነው ይላል።

እና «ልዩ ምክንያት» አለ ወይ? እኔ ዳኛ ብሆን ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ የሚጠይቀው ማነው? ከዱሊፕ ልጆች ዘር የተወ የለም። ልጅ የለም፣ የልጅ ልጅ የለም። ድርጅት «ሕዝቡን ወክዬ ነው» ሲል ዳኛው ዝም ብሎ አይቀበልም። ሁለተኛ፣ ሰውየው ሲሞት ምን ነበር? በ1886 ሲክ ሆኗል፣ እውነት ነው። በ1890 ግን ታሞ ለቪክቶሪያ ይቅርታ ጠይቆ ተቀብላዋለች። ቀባሪዎቹ ያንን ይዘው ነው እንደ ክርስቲያን የቀበሩት።

አንድ ነገር ግን ለጠያቂዎቹ ይመቻል። ዊንድዘር ስለ ዓለማየሁ የተሰጠው መልስ «በአካባቢው ያሉ ብዙ ሌሎች አስከሬኖችን ሳንነካ ማውጣት አንችልም» የሚል ነው። ኤልቬደን ላይ ያንን ማለት አይቻልም። ሜዳ ላይ ያለ፣ ስሙ የተጻፈበት መቃብር ነው።

ደጃዝማች ኪቦርድ፦
ስለዚህ ሌላ ሰበብ ይፈልጋሉ ማለት ነው 😂

የችሎት ሰው፦
ሰበብ ሳይሆን አንድ ማስረጃም አለልህ። ኡድሃም ሲንግን ታውቁታላችሁ? ከ1919ኙ የአምሪትሳር ጭፍጨፋ ጊዜ ጀምሮ በእንግሊዞች ላይ ቂም የያዘ ሰው ነው። በ1940 ለንደን ላይ፣ በጭፍጨፋው ጊዜ የፑንጃብ ገዥ የነበረውን ኦድዋየርን ገድሎ ፔንተንቪል እስር ቤት ተሰቀለ፣ እዚያው ግቢ ተቀበረ። በ1974 አፅሙ ወጥቶ ለህንድ ተሰጠ፣ የትውልድ መንደሩ ሱናም ላይ ተቃጠለ። እንግሊዝ ከፈለገች ትሰጣለች። ግን ያኔ ጠያቂው የህንድ መንግሥት ነበር፣ የሚሄድበትም ቦታ አንድ ነበር።

ሲሳይ ዘአራዳ፦
ዋናው ነጥብ እሱ ነው! «ወደ አገሩ» ሲባል ወዴት? ሰውየው ላሆር ተወልዶ ላሆር ነገሠ። ላሆር ዛሬ ፓኪስታን ናት። የአባቱ መቃብር ላሆር ምሽግ አጠገብ ነው። የሲኩ ሕዝብ ግን በ1947 ክፍፍል ጊዜ ድንበር ተሻግሮ ህንድ ገብቷል። አምሪትሳር ብትወስደው «ንግሥናው እዚህ አልነበረም» ይባላል፣ ላሆር ብትወስደው «ሕዝቡ እዚህ የለም» ይባላል። ሁለቱ መንግሥታት በክሪኬት እንኳ የሚኮራረፉ ናቸው። በአንድ ሳጥን አጥንት ምን ሊፈጠር እንደሚችል አስቡት።

አገሩ እኮ የለም፣ ጓዶች። ካርታ ላይ ፈልጉት።

ትዕግሥት ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
ብዙ ጊዜ አንባቢ ብቻ ነኝ። ይኼኛው ግን ነካኝ።

አባቴ እዚህ አሜሪካ ሞተ። እድሩ ገንዘብ አዋጣ፣ አስከሬኑን አዲስ አበባ ልከን ከወላጆቹ ጎን ቀበርነው። በወረቀት ጣጣ ሁለት ሳምንት ማቀዝቀዣ ውስጥ ቆየ፣ የትኛው ቢሮ እንዳጉላላን አልናገርም። ከአራት ዓመት በኋላ እናቴ ሞተች። እሷ «እኔን እዚሁ ቅበሩኝ፣ የልጅ ልጆቼ ይጎብኙኝ» ብላ ነበር። እዚሁ ቀበርናት። አሁን አባቴ እዚያ፣ እናቴ እዚህ። በተዝካራቸው ቀን የትኛው ቤተ ክርስቲያን ስማቸው ይጠራ ብለን እህትማማቾቹ እንጣላለን።

ስለዚህ መንገደኛው፣ ጥያቄህ ገብቶኛል። ባምባን ማን ጠየቃት? የፑንጃብ ሰዎች ንጉሣቸውን ይፈልጋሉ፣ እንግሊዞች የቪክቶሪያን ወዳጅ። እሷን የሚፈልግ የለም። ካይሮ ተወለደች፣ ጀርመን አባቷን በወጉ አላገኘችም፣ የእናቷን አገር አላየችም፣ ባሏ ጥሏት ሄደ። በመጨረሻ ከእሱ ጎን ተኛች። እሷ ናት ቀድማ እዚያ የተቀበረችው፣ እሱ ነው ወደ እሷ የመጣው።

መንገደኛው፦
ትዕግሥት፣ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገርሽ አስደነገጠኝ። እውነት እኮ ነው። እሷ 1887፣ እሱ 1893። ትንሹ ልጃቸው ኤድዋርድም በዚያው 1893 ነው የሞተው፣ 13 ዓመቱ። ሦስቱም ጎን ለጎን ናቸው። እሱን ብታወጣው እናትና ልጅ ናቸው የሚቀሩት።

ወለላ፦
ልጆቹስ ምን አሉ? ሴቶቹ ልጆች አባታቸውን ለመውሰድ አልሞከሩም?

የመቅደላ ልጅ፦
ኧረ የሚገርመው እሱ ነው። ከልጅ በፊት ግን ከእናቱ ልጀምር፣ ነገሩ ከዚያ ይጀምራልና።

ዱሊፕ ከእናቱ ከጂንዳን የተለየው በ9 ዓመቱ ነው። እሷን ምሽግ ውስጥ አሰሯት፣ አምልጣ ኔፓል ገባች። በ1861 ካልካታ ላይ ሲገናኙ እሱ 22፣ እሷ ዓይኗ ሊጠፋ የደረሰ። ይዟት እንግሊዝ መጣ። በ1863 ለንደን ሞተች። እሷን ማቃጠል ስላልተፈቀደ ለጊዜው ለንደን መቃብር ቤት አስቀመጧት። በዓመቱ አስከሬኗን ይዞ በመርከብ ወደ ህንድ ተነሣ። ፑንጃብ እንዳይገባ ግን ከለከሉት። ከቦምቤይ ብዙም ሳይርቅ ናሺክ ላይ፣ ጎዳቫሪ ወንዝ ዳር አቃጠላት። ባምባን ያገኛትም በዚያው ጉዞ ነው፣ ካይሮ ላይ። እናቱን ለመሸኘት የሄደበት መንገድ ላይ ሚስት አገኘ ማለት ነው።

አሁን ወደ ልጆቹ። ትልቋ ሴት ልጅ የእናቷን ስም ይዛ ባምባ ተብላለች። ይህች ሴት ላሆር ሄዳ ኖረች። በ1924 የአያቷን አመድ ከናሺክ አንሥታ ላሆር አመጣች፣ ራንጂት ሲንግ መካነ መቃብር ውስጥ አስቀመጠች። እንግሊዝ ገና ህንድን እየገዛ ሳለ! በ1947 አገሩ ሲከፈል ሲኮቹ ሁሉ ሲወጡ እሷ አልወጣችም። «ይኼ ያባቴ ከተማ ነው» ብላ ይመስላል፣ ፓኪስታን ውስጥ ቀረች። በ1957 ላሆር ሞተች፣ እዚያው በክርስቲያኖች መቃብር ተቀበረች። የቤተሰቡ ሥዕልና ንብረት ዛሬ ላሆር ምሽግ ውስጥ በስሟ ይታያል።

አስተውሉ። አያቷን መለሰች። አባቷን ግን ከኤልቬደን አላነሣችም።

ሲሳይ ዘአራዳ፦
ምናልባት አልፈቀዱላት ይሆናል።

የመቅደላ ልጅ፦
ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ትዕግሥት ያለችው ይመስለኛል። አባቷን ለማንሣት እናቷን ብቻዋን መተው ነበረባት። ይህ የእኔ ግምት ነው፣ መጽሐፍ ላይ አይደለም። ሦስተኛዋ እህት ሶፊያ፣ የሐበሻዋን አያቷን ስም የወረሰችው፣ ለእንግሊዝ ሴቶች የመምረጥ መብት የታገለችው፣ በ1948 ስትሞት እንደ ሲክ ሥርዓት እንድትቃጠል ተናዝዛለች። ለራሷ ያንን መረጠች። የወላጆቿን መቃብር ግን አልነኩትም።

ደጃዝማች ኪቦርድ፦
እሺ ተሸነፍኩ… ማለት ግማሹን። ዓለማየሁ ግን ሌላ ነው! እሱ ሚስት የለው፣ ልጅ የለው። 18 ዓመቱ ነበር። አባቱ መቅደላ ላይ ሞተ፣ እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ በመንገድ ላይ ሞተች። ሊድስ ከተማ በሳንባ ሕመም አረፈ። ከጎኑ የሚቀር ማንም የለም። እሱን ለመከልከል ምን አላቸው?

የችሎት ሰው፦
በዚህ ላይ ካንተ ጋር ነኝ። ሁለቱን ጉዳዮች ባንቀላቅል ጥሩ ነው። የዓለማየሁን መንግሥታችን በ2007 በፕሬዚዳንት ግርማ በኩል ጠይቋል፣ አንድ አገር ነው፣ አንድ ጠያቂ፣ አንድ የሚገባበት ቦታ። የዱሊፕ ግን ሁለት አገር፣ ሁለት ሃይማኖት፣ አንዲት ሚስት።

ዱባይ የኖርኩት፦
እኔ አሁንም ይቃጠል ባይ ነኝ። ግን እዚያው ኤልቬደን አቅራቢያ ይቃጠል፣ አመዱ ይከፈል። ግማሹ ሱትሌጅ፣ ግማሹ ሚስቱ አጠገብ። ለምን አይሆንም?

ትዕግሥት ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
ወንድሜ፣ ሰው እኮ እንጀራ አይደለም የሚቆራረሰው 😅 ግን እስካሁን ከሰማሁት ሁሉ የተሻለው እሱ ነው።

ወለላ፦
መንገደኛው፣ ባልደረባህን ጠየቅከው?

መንገደኛው፦
ጠየቅኩት። የአሮጌውን ነገር መጀመሪያ ነገርኩት። ዝም አለ፣ ከዚያ «አያቶቼ ገበሬዎች ነበሩ፣ ወታደሮች አልነበሩም» አለ። ትንሽ ቆይቶ «ይመስለኛል» ጨመረ።

ስለ ባምባ ስነግረው ግን ስልኩን አውጥቶ ፎቶዋን ፈለገ። ብዙ አየው። «እኛ ቤት እሷን ማንም አያወራም» አለኝ። ከዚያ «የእናትህ አገር ሰው ከሆነች አንተ ነህ የምትወስነው» ብሎ ሣቀብኝ። እኔ ምን እወስናለሁ፣ የኖሪች ጭነት እንኳ ሰዓቱን የሚወስንልኝ ሌላ ሰው ነው።

የመቅደላ ልጅ፦
ዓለማየሁንስ ሄደህ አይተኸዋል?

መንገደኛው፦
አንድ ጊዜ። ዊንድዘር ለመግባት ትኬት መቁረጥ አለብህ፣ ቱሪስቱ ብዙ ነው። ኤልቬደን ማንም አልነበረም፣ ማንም አልከፈለም። በኦክቶበር 22፣ በሞተበት ቀን፣ ባልደረባዬ ከጓደኞቹ ጋር ይሄዳል። አብሬ ልሄድ ነው። እነሱ ለንጉሡ አበባ ይዘው ይመጣሉ።

ትዕግሥት ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
ለሷም አንድ ነገር ያዝላት። የባህር ማዶ ጽጌረዳ ሳይሆን፣ ካገኘህ ትንሽ አደይ።

መንገደኛው፦
አደይ በኦክቶበር እንግሊዝ ከየት ይመጣል እህቴ? አዲስ አበባ ያለችው እህቴ በመስከረም ታደርቅልኛለች፣ በሰው እጅ ትልክልኛለች። ደርቆም ቢሆን ይደርሳታል።

ወለላ፦
ፎቶ አንሣልን።